ከቆርቆሮው ኋላ የቆዩት የተልባ አበቦች

ክላቭዲያ አርኪፖቭና መርኩሎቫ ከአባታቸው ከአናጺው አርኪፕ መርኩሎቭ እና ከእናታቸው ከፌክላ ሳቪሽና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በኮስትሮማ ተወለዱ። አባታቸው በጦርነቱ ስለሞቱ እናታቸው በተልባ ማሳ እየሠሩ አሳደጓቸው።

በ1949 ሞስኮ ገብተው የጄሶ ቅርጽ ሥራ ተማሩ። በ1953፣ በከተማው የግብርና ኤግዚቢሽን ግቢ ያለው የተልባ አዳራሽ ሲታደስ፣ ከበሩ በላይ ያሉትን አበቦች በእጃቸው ሠሩ። እዚያው ከተዋወቁት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሮድዮን ጋር በ1955 ተጋብተው ሊዲያን ወለዱ።

በ1964 ጌጥ ብክነት ነው ተብሎ የአዳራሹ ግንባር በአሉሚኒየም ቆርቆሮ እንዲሸፈን ተወሰነ። አበቦቹን እንዲያፈርሱ የታዘዙት ክላቭዲያ ራሳቸው ነበሩ።

የቡድን መሪው ዬጎር ሳቬሊች ከመወጣጫው ሥር ቆመው፣ «ክላቫ፣ የያዝሽው መዶሻ ነው ማንኪያ?» ቢሏቸው፣ «ጀግና ከሆንክ ውጣና አንተ ስበረው!» አሏቸው።

ክላቭዲያ አንዱን አበባ ሰበሩ። ሁለተኛው ላይ እጃቸው እምቢ አለ። ዬጎር ሳቬሊች፣ «በይ ውረጂ። የቆርቆሮውን ማቀፊያ ብረት አንድ ስንዝር ወደ ፊት እናወጣዋለን፤ አበቦቹ ከኋላው ይቀራሉ። ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉ። በሥራው ሪፖርት ላይ «ፈርሷል» ተብሎ ተጻፈ።

ክላቭዲያ ለባለቤታቸውም አልነገሩም። በዚያ በር ባለፉ ቁጥር ቀና ብለው ያያሉ፤ ከቆርቆሮው ኋላ ያሉት አበቦች ይትረፉ አይትረፉ ግን አያውቁም ነበር። የሰበሩት አበባ ጄሶ ፈስሶ የተሠራበትን ቅርጽ ማውጫ በፎጣ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አኖሩት።

«እማዬ፣ ይሄን ድንጋይ መቼ ነው የምትጥዪው?» ትላቸው ነበር ሊዲያ።

«እኔ ስሞት አንቺ ትጥዪዋለሽ።»

በ2014 ቆርቆሮው ሲነሣ አበቦቹ ከነአቧራቸው ተገኙ። የጎደለው አንዱ ብቻ ነበር። ክላቭዲያ በማግሥቱ ማውጫውን ለልጅ ልጃቸው አስይዘው ሄዱና አዳሾቹን፣ «የሰበርኩት እኔ ነኝ» አሏቸው።

በዚያው ክረምት በልብ ሕመም አልጋ ያዙ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ከማውጫው የወጣው አዲሱ አበባ ሲሰቀል መሄድ ስላልቻሉ እኛ ቤተሰቦቻቸው ፎቶግራፉን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ካዩት በኋላ፣ «ቅጠሏ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። አዎ፣ እሷ ነች» አሉ።

ሰኔ 19 ቀን 2015 በ84 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ አንድ ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ተክተዋል። ማውጫው ከአዳሾቹ ተመልሶ ዛሬም አልጋቸው ሥር አለ። ሊዲያ አልጣለችውም።

አምላክ የእጃቸውን ሥራ እንዳቆየላቸው ነፍሳቸውንም በብርሃኑ ያቆይልን።