በማይክሮፎኑ አጠገብ የአንድ ሰው ቦታ የተዉት ኢስቲል ስተርጊል

እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለቱ አጎቶቼ በአያታችን በረንዳ ላይ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው ግማሹን ብቻ ነው። ታናሽየው ሆባርት፣ «ተጠምቄአለሁ። ከእንግዲህ ከባንጆ ጋር አልዘምርም» አሉ።

ኢስቲል፣ «እግዜር ባንጆ ይጠላል ነው የምትለኝ?» አሏቸው።

«እንዲያ አላልኩም። ቃል ገብቻለሁ ነው ያልኩህ።»

ከዚያ ስለ አንድ እምቢተኛ በቅሎ አንስተው ተሳሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ በባንጆ አብረው ሲዘፍኑ የሰማ የለም።

ኢስቲል ስተርጊል ከአባታቸው ከአቶ ኮሊየርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦማ፣ በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ተራሮች በስሞክሃውስ ሸለቆ መጋቢት 9 ቀን 1938 ተወለዱ። በሸለቆው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ከሰል ጉድጓድ ወረዱ። ባንጆ፣ ያንን ፊቱ ላይ ቆዳ የተወጠረበት ባለ ክር መሣሪያ፣ ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። ዝናብ ሲሆን የባንጆው ቆዳ ስለሚረግብ ምድጃ ዳር አሙቀው ይሰጧቸው ነበር።

በ1957 ከወንድማቸው ጋር ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ መጫወት ጀመሩ። ኢስቲል ዋናውን ዜማ ይይዛሉ፤ ሆባርት ከላይ በቀጭኑ ይከተላሉ። በ1962 ወይዘሮ ቨርናን አግብተው ግሌናንና ዳርልን ወለዱ። በ1965 ከማዕድኑ ወጥተው ኑሯቸውን በባንጆ አደረጉ።

ወንድማቸው አብረዋቸው መዝፈን ከተዉ በኋላ «የስሞክሃውስ ልጆች» የተባለውን፣ ብሉግራስ የሚሉትን የተራራውን የክር ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አቋቁመው፣ የተራራው ሰው ለፋብሪካ ሥራ እስከሄደባቸው እስከ ኦሃዮና ሚሺጋን ድረስ ተጫወቱ። ጣቱ እንደ እርሳቸው የፈጠነ ሰው በዘመናቸው ብዙ አልነበረም፤ ይህን የምለው ዘመድ ስለሆንኩ አይደለም። ቡድኑ በሙሉ የሚዘፍነው አንድ ማይክሮፎን ከቦ ነው። ኢስቲል ግን ሁልጊዜ በግራቸው የአንድ ሰው ቦታ ይተዉ ነበር። አዲስ የመጣ ጊታር መቺ፣ «ጋሽ ኢስቲል፣ እዚህ ማን ነው የሚቆመው? መንፈስ ነው?» ቢላቸው፣ «ወንድሜ ትንሽ አርፋጅ ነው። አንተ ወደዚያ ጠጋ በል» አሉት። አንድ የሸክላ አሳታሚ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ቢቀጥሩ ውል እንደሚሰጣቸው ነግሯቸው ነበር። ሰውም አልቀጠሩ፣ ውሉንም አልፈረሙ።

ወንድማማቾቹ አልተጣሉም። እሑድ እሑድ ኢስቲል ባንጆውን መኪና ውስጥ ትተው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ወደማይገባበት ወደ ሆባርት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እዚያ ጉባኤው ሁሉ የሚዘምረው በአንድ ዜማ ስለሆነ ከላይ የሚከተል ድምፅ የለም። ሲወጡ አብረው ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይበላሉ።

በጉድጓድ የሳቡት የከሰል አቧራ ሳንባቸውን ጎዳው። ባለፈው ወር ሆባርትን አስጠርተው፣ «መቃብሬ ላይ ግሌና ባንጆዬን እየመታች ትዘፍናለች። አንተ ከላይ ተከተላት» አሏቸው።

«ጉባኤውን ሳልጠይቅ አልችልም።»

«ጠይቅ። እኔ ብዙም አልቸኩልም።»

መልሱን ሳይሰሙ ጥቅምት 6 ቀን 2014 በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በቨርና እጅ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ወንድማቸውን ትተዋል። ዜማን ለሰው ያደለ አምላክ የደከመውን ደረታቸውን በራሱ እስትንፋስ ይሙላው፤ ነፍሳቸውንም በሚያመሰግኑት መካከል ያኑርልን።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች፣ «ወንድም ሆባርት፣ የእኛ ደንብ ከበሩ ወደ ውስጥ ነው። መቃብሩ ውጭ ነው። ቃሉን የገቡት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ይወቁበት» ብለው መልሰዋቸዋል። አጎቴ ሆባርት ሁለት ቀን ጸለዩ። ትናንት ጠዋት ግሌና ዘንድ መጥተው፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ ዛሬ በቀብሩ ላይ እንደሚዘምሩ ነገሯት።

«ብቻ የባንጆውን ክሮች ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገሽ ቃኚልኝ፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው» አሏት።