ከመንካት በፊት መጠየቅ

የታላቅ እኅቴን የሕይወት ታሪክ የምጽፍ እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ ለረጅም ዘመን ሰነፍ ሠራተኛ ይመስሉኝ እንደነበር አስቀድሜ እናዘዛለሁ። በሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ጠዋት ስጎበኛቸው፣ አንድ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ አዛውንት ከሹራባቸው ቁልፍ ጋር ሲታገሉ፣ እኅቴ ፊት ለፊታቸው እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ምናለ ብትረጃቸው?» ስላቸው፣ «ቆይ አንተ! ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል» አሉኝ።

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝና «መጀመሪያ የራስህን አስተካክል» አሉ። ለካስ ኮቴን አዛንፌ ቆልፌ ኖሯል።

እኅታችን ከፖስተኛ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠያቂ ነበሩ፤ «የታሸገ ደብዳቤ ሲያድሉ ውለው፣ ውስጡን ሳያውቁ እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» እያሉ አባታችንን መግቢያ ያሳጡ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በመጦሪያው በድጋፍ ሰጪነት ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የቤቱ ደንብ ነዋሪዎች ሁሉ ከሐኪሙ ጉብኝት በፊት ታጥበውና ለብሰው እንዲጠብቁ ያዝዝ ነበር፤ እንዴት እንደሚለብሱ ግን አይናገርም። እሳቸውን የሚያስደንቃቸው፣ ችሎታ ከሰው ሲሸሽ በየትኛው ጣት ውስጥ ተደብቆ እንደሚቀር ነበር። የልጆቻቸውን ስም የዘነጉ አንዲት እናት አንሶላ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥመው ሲያጥፉ አይተው፣ ሳምንቱን ሙሉ እኚያን እናት ሲያጤኑ ሰነበቱ። እያንዳንዱ ነዋሪ አሁንም ራሱ የሚችለውን በደብተር ይመዘግቡ ነበር፤ ሳይጠይቁ አይነኩም፤ ጠይቀውም መልስ ይጠብቁ ነበር። ወጣት ባልደረቦቻቸው «እመት ቆይ» ያሏቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነዋሪዎቹን ለሐኪሙ ጉብኝት በሰዓቱ ባለማድረሳቸው ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሦስተኛው ቢጻፍ ስንብት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የቤቱን ኃላፊ ወንበር ላይ እንዲቀመጡላቸው ለምነው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሾርባ በማንኪያ ያጎርሷቸው ጀመር። በሦስተኛው ማንኪያ ኃላፊዋ ጥርሳቸውን ገጠሙ።

«ሴትዮ፣ ልዋጥ እንጂ! ሰው ይጠየቅ የለም እንዴ?»

«ደንቡ ጠይቁ አይልማ!»

ሦስተኛው ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ። እየጠየቁና እየጠበቁ እንዲሠሩ ያገኙት ፈቃድ ግን የቃል፣ ያውም ለእሳቸው ብቻ ነበር፤ በሌሎቹ ክፍሎች ነዋሪዎች እንደ ዕቃ መገላበጣቸው ቀጠለ። ስለዚህ አሠራሩ በደንቡ ውስጥ እንዲጻፍና አዲስ ተቀጣሪዎችን ሁሉ እንዲያስገድድ በየዓመቱ ያመለክቱ ነበር። ተከታትለው የተሾሙት ኃላፊዎች «ይታያል» ከማለት አላለፉም። በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም ማመልከታቸውን አልተዉም።

በኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመታት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የመጨረሻውን ማመልከቻ ከአልጋቸው ሆነው ለሴት ልጃቸው እየነገሩ አስጻፉ። ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተውናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያጣድፍ፣ በክብር ይቀበልልን።

ትናንት ከቀትር በኋላ የመጦሪያው አስተዳደር ተሰብስቦ፣ ማንኛውም ድጋፍ ሰጪ ነዋሪን ከመንካቱ በፊት እንዲጠይቅና መልስ እንዲጠብቅ የሚያዝዘውን አንቀጽ በደንቡ አስገብቶ ፈርሟል።