የግራ በኩል ደቂቃዎች

ሃሚልተን፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን 1974

ለምወድሽ ልጄ ለሎርና፣

እንደምን ከርመሻል? አውስትራሊያ ሙቀቱ እየገባ ነው ብለሽ ጽፈሻል፤ እኛ ዘንድ የበረዶው አካፋ ከጓዳ ወጥቷል። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ደህና መሆኔንና አለመሆኔን ራሴም አላወቅሁትም። የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው አንቺን የማስቸግርሽ።

ዶክተር አሽቢ ሥራዬን የሚያስቀር ነገር ፈልስፈዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የልጆቹን ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ በየጥርሱ ላይ ከተለጠፈው ብረት ጋር በቀጭን ሽቦ የማስረው እኔ ነኝ። አዲሱ ብረት ግን ማሰሪያ አይፈልግም። ከስንዴ ፍሬ የምታንስ የራሱ መዝጊያ አለችው፤ ጫን ሲሏት ጠቅ ብላ ሽቦውን ትይዛለች። በቃ! ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጋር ሦስት ዓመት ለፍተውባታል።

ለሙከራ ግሌኒስ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አፍ ለሁለት ተከፈለ። ቀኙ አዲሱ ብረት፣ ግራው የእኔ ቋጠሮ። በየወሩ ስትመጣ እያንዳንዱ ወገን ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እየለካሁ የምጽፈው እኔው ነኝ።

"ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ ግራው ይወጋኛል እኮ" አለችኝ አንድ ቀን።

"ዝም በይና አፍሽን ክፈቺ!"

"የቱን ላድርግ? ዝም ልበል ወይስ ልክፈት?"

ሎርና፣ ቀኙ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ግራው ስምንት። እኔ ግን ሦስት ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ወር ላይ ስህተት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ሦስት፣ ሦስት እያልኩ ቀጠልኩ። ቅናት ይሁን ፍርሃት አልገባኝም። ደግሞ እኮ ጣቶቼ ካለፈው ክረምት ወዲህ አብጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። ያቺ መዝጊያ ብትመጣ ማን ይገላገላል? እኔ! ታዲያ የምታሳርፈኝን ነገር ለምን እንደምታገላት ንገሪኝ። ሥራው ከቀረ ደግሞ በዚህ ባዶ ቤት ውዬ ምን ልሠራ ነው?

ትናንት ዶክተር ደቂቃዎቹን የጻፍኩበትን ወረቀት አይተው በረጅሙ ተነፈሱ።

"አንዲት ደቂቃ ለማትረፍ ነው ይህን ሁሉ የለፋሁት? ሙሪየል፣ አሸነፍሽኝ። እተወዋለሁ።"

"ይተዉታል?"

"እንዳንቺ ያለ እጅ እያለ የእኔን ብረት ማን ይፈልገዋል?"

እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት እጄን ጥብቅ አድርገው ጨበጡኝ። ሳላስበው ጮህኩ። አልለቀቁኝም። ቀስ ብለው መዳፌን ገለበጡና ያበጡትን ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ወረቀቱን መልሰው አዩ፤ እጄን አዩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"ሰኞ ግሌኒስ ትመጣለች" አሉ በመጨረሻ። "ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።"

ቁጣ ይሁን ርኅራኄ መለየት አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ሁሉን ልናዘዝ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ፤ ከመንገዱ ማጠፊያ ላይ ተመለስኩ። በአንድ ልቤ ሰኞ ስምንቱን ደቂቃ አይተው እንዲያሰናብቱኝ እመኛለሁ። በሌላው ልቤ እውነተኛ ሦስት ደቂቃ እንዲሆንልኝ ጣቶቼን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍኩ እለማመዳለሁ።

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ሰኞ አልፎ፣ የሆነው ሆኖ እንደሚቆይሽ አውቃለሁ። ቢሆንም መልስ ጻፊልኝ። "እማዬ፣ ይበቃሻል፤ እጅሽን አሳርፊው" ብለሽ ጻፊልኝ። ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈልግም።

አምላክ አንቺንም ባልሽንም በሰላም ያኑርልኝ።

እናትሽ ሙሪየል