የሰሜኑ ልባስ

ሰባተኛ ወር፣ 4ኛ ቀን
ነፋስ የለም። አንዲት በግ ስታነክስ ዋለች። ጠጠር ነበር፤ አወጣሁላት።
ኖሞልን ባዝራዎቹን እያለበች ጮኸችብኝ፦ «አንተ ሰውዬ! መጫጫርህን ትተህ ሱፉን አትደበድብም?» ሠላሳ ዓመት ሚስቴ ሆናም ይቺን ወረቀት እንደ ጣውንት ነው የምታያት። ዘመቻ ላይ ፊደል ያስቆጠረኝን ያን የኡይጉር ነገድ ጸሐፊ ብታገኘው ጉድ ይፈላ ነበር።
ለልጄ ለአልታኒ አዲስ ድንኳን ስድስት የሱፍ ልባስ ያስፈልጋል። ስድስቱ እንዳለቁ ባሏ ይወስዳታል። ኬሩሌን ወንዝ፣ የአሥራ ሁለት ቀን መንገድ... በረዶው ከቀደማቸው ግን ሣር እስኪበቅል እዚሁ ናት።
ይህን ለምን ጻፍኩት?

ሰባተኛ ወር፣ 7ኛ ቀን
አንደኛው አለቀ። እናት ልባስ የምንለውን አሮጌውን ከሥር ዘረጋን፣ ሱፉን በላዩ ነሰነስን፣ ውሃ ረጨን፣ ጠቅልለን በቆዳ አሰርንና ፈረስ እስከ ቀትር ጎተተው። ሲፈታ ሱፉ አንድ ሆኗል፤ ጥፍር አያስገባም። አልታኒ በላዩ ተንከባለለችበት። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው እኮ!
ረጅሙም ሳቀ። ረጅሙ ያልኩት አማች ተብዬውን ነው። በወጉ መሠረት ሦስት ዓመት እዚህ አገለገለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የድንኳኔን ጉበን በግንባሩ ሲመታ ኖረ፤ ዛሬም ጎንበስ ማለት አልለመደም። ልጄን ሊወስድብኝ ነው፤ ስሙን እዚህ አልጽፍለትም።

ሰባተኛ ወር፣ 11ኛ ቀን
ዛሬ ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አላልቼ አሰርኩት። ውሃውንም ቆጠብኩ።
ሲፈታ ሱፉ እየተቦጨቀ ወጣ። «ወይኔ!» አልኩ። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ሰባተኛ ወር፣ 15ኛ ቀን
በሌላኛውም ልባስ ደገምኩት። አሁንም ተበላሸ።
ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። ኖሞልን የተቦጨቀውን አንስታ «ይሄን ገመድ ማነው ያሰረው?» አለች።
«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ረጅሙ።
እሱ እኮ ገመዱን አልነካም! ፈረሶቹን ሲያጠጣ ነው የዋለው። ኖሞልን አልማረችውም፦ «ቁመት ብቻ! ቋጠሮ የማያውቅ ወንድ፣ ልጄን የት ሊያደርሳት ነው?» አንገቱን ደፍቶ ሰማት። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ክፋት የለበትም አስተያየቱ። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ 16ኛ ቀን
ረጅሙን ሸሽቼ ከበጎቹ ጋር ዋልኩ።

ሰባተኛ ወር፣ 18ኛ ቀን
የጠፉ ፈረሶች ፍለጋ ከረጅሙ ጋር ወጣን። ኮረብታው ላይ አልቻልኩም፣ ጠየቅኩት።
«ለምን ዋሸህልኝ?»
«አባባ፣ እኔ ወደ እርስዎ ልመጣ ስል አባቴ ኮርቻዬን ደበቀው። ሁለት ቀን አብሮኝ ፈለገ።»
«ከዚያስ?»
«በሦስተኛው ቀን ራሱ አገኘው። "ጉድ ነው፣ እዚህ ነበር እንዴ!" አለ።»
ሳቅን። እኔ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ። ፊቱን ወደ ፈረሶቹ አዞረልኝ፤ እንዳያየኝ።

ሰባተኛ ወር፣ 19ኛ ቀን
ለሴቶቹ ተናዘዝኩ። ኖሞልን «የዚያኑ ቀን አውቄያለሁ። ሠላሳ ዓመት ያየሁትን ቋጠሮ ልስተው?» አለችኝ። ታዲያ ያን ምስኪን ለምን ሰደበችው? «አንተ አፍረህ አፍህን ትከፍት እንደሁ ብዬ ነዋ።»
አልታኒ አለቀሰች። «አባዬ፣ አትሂጂብኝ አትለኝም ነበር?»
«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»
«አልቀርም። ግን በነገርከኝ።»
ልክ ናት።

ስምንተኛ ወር፣ 10ኛ ቀን
በርትተን ሠራን፤ አራት ደረሰ። ሱፍ አለቀ። አንዴ የተበላሸ ሱፍ ደግሞ እንደገና እሺ አይልም። ሁለት ጎደለ፣ በእኔ እጅ። ሰማዩ በረዶ በረዶ ይሸታል።

ስምንተኛ ወር፣ 12ኛ ቀን
ከራሴ ድንኳን ከሰሜን በኩል ሁለቱን ልባስ አወረድኩ። የራሴ መቀመጫ ያለበትን ማለት ነው። ረጅሙ «አባባ፣ ይሄማ አይሆንም!» ብሎ እጄን ያዘኝ። «ዝም ብለህ ጫን» አልኩት።
ኖሞልን «ጀርባችን በብርድ ሊቆረጥ ነው» አለች።
«እንቀራረባለና!»
በጭልፋ መታችኝ። ግን እየሳቀች ነው።

ስምንተኛ ወር፣ 15ኛ ቀን
ሄዱ።
በወጋችን ከመንገደኛ ኋላ ለመልካም ጉዞ ወተት የምትረጨው ሴት ናት። ጭልፋውን ከኖሞልን እጅ ነጠቅኩ። የረጨሁት ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ። አልታኒ ሁለቴ ዞራ አየችኝ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ... አልዞረችም። ደግ አደረገች።

ስምንተኛ ወር፣ 17ኛ ቀን
በረዶ ጣለ። አሁን የተራራውን ማለፊያ ተሻግረው ይሆናል። አዎ፣ ተሻግረዋል።
ኖሞልን የተበላሹትን ሁለቱን ጣጥፋ ሰፍታ በሰሜን በኩል ሰቀለቻቸው። ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል። «የእጅህ ሥራ ነው፣ ቻለው» ትለኛለች፤ ካባዋን ግን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጋልኛለች።
ጠዋት ስወጣ ጉበኑን አየሁት። መሐሉ ላይ ግንባር ያለሰለሰው ቦታ አለ፤ የሦስት ዓመት። የእኔ ግንባር አይደርስበትም። በርጩማ ላይ ቆሜ ግንባሬን አስነካሁት።
ቦሮልዳይ ነው ስሙ። ልጄ ቦሮልዳይ።