ጫማሽን የሰፋው ሰው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እግርሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ያው እንደኔ እያቃሰተች ትሠራለች። ትናንት ስልኩ የተቋረጠው መብራት ጠፍቶ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ ነበር። ዘግቼብሽ ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ያቺ ጥላሽ እንዳትሰማ ብዬ ነው። የአገልግሎት ጓደኛዬ ናት፣ የሞርሞን ሚስዮናውያን ሁሌም ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሄደው ብለሽኛል፤ ሰምቻለሁ። ግን ሰኞ ሰኞ በደወልሽ ቁጥር ክርኗ ከስልኩ ጥግ አይጠፋም። እናትና ልጅ ሲያወሩ ሰው አንዴ እንኳ ውሃ አይጠማውም? መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሷን ነበር። ጆሮ ጠቢ ናት ብዬ።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ባጁን ነው። እኔ ያወጣሁልሽ ስም የት ገባ? "እህት" ይሉና የአባትሽን ስም ያስከትላሉ። አምጬ የወለድኩሽ እኔ፣ የምትለብሺውን ቀሚስ ሰፍቼ የሸኘሁሽ እኔ፤ ደረትሽ ላይ የተለጠፈው ግን ለሥራ ብሎ ወጥቶ የቀረው ሰውዬ! ደንቡ ነው አልሽኝ። ይሁን ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ ደግሞ ከተማ ቀየሩሽ። ወዴት? አክስትሽ፣ ያቺ የእሱ እህት፣ አንድ ቀን አምልጧት አባትሽ ጫማ እየሰፋ ይኖርበታል ወዳለችው ከተማ! "እማዬ ሙች፣ እኔ አልመረጥኩትም፤ መድበውኝ ነው" አልሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላመንኩሽም።

እኛ ሰፈር የሚዞሩ ሁለት ልጃገረዶች አሉ፤ የአንቺው ዓይነት ባጅ፣ የአንቺው ዓይነት ረጅም ቀሚስ። ድሮ ሲመጡ መጋረጃ ነበር የምዘጋባቸው። ባለፈው ሳምንት ግን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ደስ ሲላቸው ብታዪ! ለምርመራ እንደጠራኋቸው የት ያውቃሉ። ሻይ ባቀርብላቸው ሃይማኖታችን አይፈቅድም፣ አንጠጣም አሉኝ። ሻይ እምቢ የሚል ሰው ምን ቢደብቅ ነው አልኩ በሆዴ። ሙቅ ውሃ ሰጠኋቸው።

"የምታገለግሉበትን ከተማ ትመርጣላችሁ?" አልኳቸው።

"ኧረ አንመርጥም እማማ" አለች ረጅሟ። "የተመደብንበት ነው የምንሄደው።"

እንግዲህ አንቺን ካልጠረጠርኩ ማንን ልጠርጥር? ቀና ብዬ ወደ እግዜር አየሁ። ግን አላበቃሁም።

"የምታንኳኩትን በርስ ማነው የሚመርጥላችሁ?"

ተያዩ። "እሱን እንኳ እኛ ነን" አለች አጭሯ፣ ጫማዋን ወደ ወንበሩ ሥር እየሳበች። ሶሉ አፉን ከፍቷል። እንዳየሁባት ስታውቅ ሳቀች። "ጫማ ሰፊ ጋ እኮ ነው የምንውለው እማማ።"

ልጅቷ ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ ግን የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ትናንት ስትደውዪ ክፍልሽን አሳዪኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። በሩ ሥር ጫማሽ አለ። የሄድሽበት ያው ጥቁሩ ጫማ፣ ግን አዲስ ሶል ገብቶለት ዙሪያውን በነጭ ክር ተሰፍቷል። ማን ሠራልሽ ስልሽ "አንድ ሰው ሰፋልኝ" አልሽ። አንድ ሰው! ጥላሽን ሳል ያዛት፣ ስልኩም ወደ ግድግዳ ዞረ። ግን ዓይኔ ቀድሞ አይቶ ነበር። ልጄ፣ እኔ እኮ ከዚያ ሰውዬ ጋር በአንድ ክፍል፣ እኔ በመኪናዬ እሱ በወስፌው፣ ጎን ለጎን ስሠራ ኖሬያለሁ። ተረከዝ ላይ ሲደርስ ክሩን ወደ ኋላ መልሶ ደርቦ የሚወጋ ከእሱ በቀር አላየሁም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ሰው ሲሄድ መጀመሪያ የሚያርፈው በተረከዙ ነው" ይለኝ ነበር። ስለ መሄድማ ጠንቅቆ ያውቃል።

ይሄኔ ነው የዘጋሁብሽ።

አልቆጣሽም። በሩን ሲከፍት፣ የራሱን ስም ደረትሽ ላይ ሲያነብ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ሳስብ አደርኩ። አለቀሰ? ወይስ እንደ ልማዱ ጫማሽን ነው መጀመሪያ ያየው? ጥላሽ አጠገብሽ በመኖሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ብቻሽን አልነበርሽም። እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ።

ግን ፈርቻለሁ ልጄ። አገልግሎትሽ ሲያልቅ እዚያው እሱ ጋ የምትቀሪ ይመስለኛል። ለአንድ ከተማ ሁለት ሰው አልሰጥም፤ አቅሙም የለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደረሰሽ ጥቅል የአንቺ አይደለም። የኔ ቡናማ ጫማ ነው፤ ሶሉ ተላቅቋል። እኛ ሰፈር ጫማ ሰፊ የለም ወይ እንዳትዪኝ፤ ሞልቷል። እሱ ከሄደ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁትም፣ እንዲሁ ተቀምጧል። ስትሰጪው የማን ነው ብሎ ቢጠይቅሽ አትንገሪው። እግሬን ያውቀዋል።

የምታንኳኪውን በር ሁሉ ደግ ሰው ይክፈትልሽ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። በሄድሽበት ሰው አይጥላሽ፣ ግን እንዳያስቀርሽም።

እናትሽ

ጫማው ሲያልቅ በፖስታ አትላኪው፤ ይጠፋል። ራስሽ ይዘሽው ነይ። ሻንጣሽ ከከበደ የሚያግዝሽ ሰው አብሮሽ ይምጣ። ጥላሽን ማለቴ ነው።