ለጉልበት ታማሚዎች ደረጃን ለመረጡልን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ አቶ ደጉ
በካዛንቺስ የባለ ሰባት ፎቁ ሕንፃ አስተዳዳሪ

የተከበሩ አቶ ደጉ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሁለቱን ጉልበቶችዎን ደኅንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሲነሡ የማያቃስቱ፣ ሲቀመጡ የማይንቋቁ ሆነው ዕድሜ ልክ እንዲያገለግሉዎ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ እርስዎ ምክርዎን የለገሱኝ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ስለነበር፣ ምስጋናዬም ሰው በተሰበሰበበት ቢደርስዎ ይሻላል ብዬ በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ጀማነሽ አረጋዊ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ካዛንቺስ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ መቆም፣ ፈገግ ማለትና የሰደበኝን እንግዳ ሳይቀር "ስለመጡልን እናመሰግናለን" ብሎ መሸኘት ነበር። ሆቴሉን ብለቅም መቆሙ ጉልበቴ ውስጥ ቀረ። ሐኪሞች ራጅ አንሥተው በአጥንቶቼ መካከል ያለው ልም አጥንት እንደሳሳ፣ በሽታውም የጉልበት አርትራይተስ እንደሚባልና በዕድሜ ብዛት እንደሚመጣ ነገሩኝ። የሚያስታግሰው ኪኒን ደግሞ ጨጓራዬን አቃጠለው።

በዚህ መሀል ነው ከሕንፃዎ አምስተኛ ፎቅ ላይ አኩፓንክቸር በሚባለው መድኃኒት አልባ መርፌ የምታክም ዶክተር ቢሊሴ የምትባል ሐኪም እንዳለች የሰማሁት። የነገረችኝ የድሮ ጎረቤቴ አዚዛ ናት። እኔና አዚዛ አንድ ግቢ ውስጥ አርጅተናል፤ ሰፈራችን ሲፈርስ ግን እኔ ላንቻ እህቴ ቤት ገባሁ፣ ለእሷ ከልጇ ከረውዳ ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ስለዚህ የሕክምናው ቀን የምንገናኝበትም ቀን ሆነ።

ዶክተር ቢሊሴ ገና በመጀመሪያው ቀን እንቅጩን ነገረችን። መርፌው ያለቀውን ልም አጥንት እንደማይተካ፣ አንዳንዱን ሰው ሕመሙን እንደሚያስታግስለት፣ አንዳንዱን ግን ምንም እንደማያደርግለት፣ ለውጥ ካላየን ደግሞ ሳንፈራ እንድንነግራትና እንድናቆም አስረዳችን። ወንበር ላይ ተቀምጠን እግራችንን እያነሣን የጭናችንን ጡንቻ እንድናጠነክርም አዘዘችን። መርፌው ከክር ይቀጥናል። ሲገባ እንደ ትንኝ ንክሻ ነው፤ ከዚያ ጉልበት ከበድ፣ ሞቅ ይላል። የኔ ሕመም ቀስ በቀስ ቀለለ፤ ከታክሲ ስወርድ የወያላውን ትከሻ መጨበጥ ተውኩ። የአዚዛ ለውጥ ግን ከኔም በለጠ። ለዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግድ የነበረችው ሴት አንድ ቀን ግንባሯን መሬት አስነክታ ሰገደች። ይህን ስትነግረኝ ኮሪደሩ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከዕለታት በአንዱ ማለዳ ሊፍቱ ላይ "ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለክብር እንግዶች ብቻ" የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ለጥበቃው ለኢዘዲን ቁልፍ ስለሰጡት አመሰግናለሁ። በሕንፃው ውስጥ ደረጃ መውጣት የማይችሉት የእኛው ሐኪም ታካሚዎች ብቻ ሆነው ሳለ፣ ደረጃውን በተለይ ለእኛ ማሰብዎ ቀላል ትኩረት አይደለም። ዶክተር ቢሊሴ ቢያንስ ምድር ቤት ያለውን ባዶ ክፍል እንዲሰጧት በጽሑፍ ጠይቃ ነበር። መልስ ባለመጻፍዎ የወረቀት ወጪ ቀንሰዋል።

ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ ቀርቤ በትሕትና ሳመለክትዎ፣ ተከራዩም አላፊ አግዳሚውም እየሰማ ስለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። ቃልዎን አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። "እትዬ፣ ደረጃ መውጣት ለጉልበት ስፖርት ነው። መርፌው ከሠራ ደረጃው አይከብድዎትም፤ ካልሠራ ደግሞ ለምን ይለፋሉ?" አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም በሙያዬ መሠረት ፈገግ አልኩ። የዚያን ቀን ፊቴ እስከ ቤቴ ድረስ ሲነድ ቆየ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለመጻፍ ከባድ ነው። ደረጃው በሳሙና ታጥቦ ያልደረቀ ቀን እኔና አዚዛ ሕክምናችንን ጨርሰን ቀስ እያልን ስንወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍቱ አጠገባችን ተከፈተ። ውስጥ እርስዎና ምድር ቤት ወዳለው ቢሮዎ የሚወርድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ነበራችሁ። ለራሴ አልጠየቅኩም፤ እሷን ብቻ እንዲያወርዷት ለመንኩዎ። ማሰሮውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ "ቦታ የለም" ብለው የመዝጊያውን አዝራር ተጫኑት። በሩ ሲዘጋ አዚዛ "ተዪው፣ እንወርዳለን" አለችኝ። ከመዞሪያው ሳናልፍ አዳለጣትና ወደቀች።

ኢዘዲን አዝሎ አወረዳት። የተሰበረው የቀኝ እጇ አንጓ፣ ምርኩዝ የምትይዝበት እጅ ነው። በጄሶ የታሰረ እጅ ምርኩዝ ስለማይጨብጥ ወራቱን ያሳለፈችው አልጋና ሶፋ ላይ ነው፤ ስትቀመጥ ጡንቻዋ ሟሸሸ፣ ጡንቻዋ ሲሟሽሽ የጉልበቷ ሕመም ተመለሰ። ልጠይቃት ስሄድ እንደ ድሮው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ አገኘኋት። እርስዎ በበኩልዎ በኢዘዲን በኩል "ሕንፃው ኃላፊነት አይወስድም" የሚል መልእክት ልከው አጽናኑን።

አቶ ደጉ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጤና ሳይሆን በቀል ፈለግሁ። በጸሎቴ መሀል ሳይቀር እርስዎን አስብ ነበር። ስለ ሌላ ሰው እንዲህ ደጋግሜ ያሰብኩት ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ እንግዲህ ስለ ሶፋዎ አመሰግናለሁ። "ቢሮዬ ለደንበኛ ሁሌም ክፍት ነው" ማለት ይወዱ ስለነበር፣ እኛም በሩን ገፋ አድርገን ገባን። ታካሚዎቹን አንድ በአንድ ስልክ ደውዬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ዶክተር ቢሊሴ የለችበትም። እሷማ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። በኋላ ግን አንዳችንም ደረጃውን ላንወጣ እንደማልን ስታይ፣ ንጹሕ አንሶላዋንና የታሸጉ መርፌዎቿን ይዛ ወረደችልን። እርስዎ ከሕንፃው ሁለት ፎቅ ሊከራዩ የፈለጉትን የኢንሹራንስ ሰዎች ለመቀበል እዚሁ ባምቢስ አካባቢ ሄደው ነበር። ስለ እንግዶቹ የነገረኝ ሰው አለ፤ ስሙን ግን እስክሞት አልነግርዎትም።

እንግዶችዎን አስከትለው በሩን ሲከፍቱ የነበረውን ገጽታዎን የሚሥል ሠዓሊ ባገኝ እህቴ ሳሎን እሰቅለው ነበር። ሶፋው ላይ ሁለት ሴቶች ቀሚሳቸውን ከጉልበት በላይ ሰብስበው ተጋድመዋል። ጡረተኛው መምህር አቶ ገብረክርስቶስ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በእርስዎ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መርፌው በየጉልበቱ ላይ ቆሟል። አበባዎም በማሰሮው አምሮበታል። ከታካሚዎቹ እኔ ብቻ ቆሜ ስለነበር እንግዶቹን እንደ ድሮዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀበልኳቸው።

የቡድኑ መሪ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ሊፍቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። "አልተበላሸም እመቤቴ፤ የሚሠራው እንደ እርስዎ ላለ እንግዳ ነው" አልኳት። ከዚያም ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ አዚዛ እጅ ሳልቸኩል ነገርኳት። እርስዎ ሊያቋርጡኝ ሲሞክሩ እጇን አንሥታ አስቆመችዎ። ሲያልቅ ወደ እርስዎ ዞራ፣ "እናቴ ውል ልትፈርም ብትመጣ በየት ነው የምትወጣው?" ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም "ለእሳቸውማ እናስፈቅዳለን" አሉ። ያን መልስ ባይመልሱ ኖሮ ሁለቱ ፎቆች ዛሬ ባዶ አይሆኑም ነበር፤ እንግዶቹ ሰንጋ ተራ ሌላ ሕንፃ መከራየታቸውን ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ሊፍቱ ለሁሉም ተከፈተ። አዲሱ ማስታወቂያም ውሳኔው "ለአረጋውያን ካለን ጥልቅ አክብሮት" የመነጨ መሆኑን ይገልጻል። አክብሮትዎ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተቆፍሮ የወጣበትም ቀን አልጠፋኝም። ባለንብረቶቹ ስለ ሁለቱ ፎቆች ጠርተው እንደጠየቁዎ፣ የሥራ ውልዎም እንደማይታደስ እየተወራ መሆኑን ስሰማ ላዝን ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

አዚዛ አሁን በሊፍት እየወጣች ሕክምናዋን እንደገና ጀምራለች። ጄሶው ተፈቷል፣ ጣቶቿ ግን ሙሉ በሙሉ አይጨብጡም። ዶክተር ቢሊሴ እንደ ልማዷ አልዋሸችንም፤ ሕመሙ ሊቀል እንደሚችል፣ ዳግመኛ መሬት ላይ ትሰግዳለች ብላ ግን ቃል እንደማትገባ ነገረችን። ስንወጣም አዚዛ የምትሰግድበትን ወንበር ወደ መስኮቱ ብታስጠጋው እንደሚሻላት ብቻ ነገረችኝ።

ስለ ውለታዎ ሁሉ አንድም ቀን እንደማልረሳዎ በማረጋገጥ፣ በአንድ ደኅና ጉልበትና በአንድ በሚታከም ጉልበት ከፍ ያለ አክብሮቴን እገልጻለሁ።

የዘወትር አመስጋኝዎ
ጀማነሽ አረጋዊ

ግልባጭ፦
ለሕንፃው ተከራዮች በሙሉ
ለሕንፃው ባለንብረቶች
እርስዎ ሰብሳቢ ለሆኑበት እድር

ማሳሰቢያ፦ አዚዛ ይቅር እንዳለችዎ በዚህ ደብዳቤ እንድጽፍልዎ አደራ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቦታ ስለጠበበኝ አልጻፍኩትም።