ስልኬን ለሰው አትስጪብኝ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ መሃል ላይ ታርፊያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ "ምን ሆንኩና" እያልሽ ትጣደፊያለሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ነው የሚዞረው ብሎ ወንድሜ አሳብቆበታል፤ አፍንጫው አገጩ ላይ እንዳልበቀለ ንገሪልኝ። እኔ በወረርሽኙ በኩል ደህና ነኝ፤ ትኩሳትም ሳልም የለብኝም። የቀረውን እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። አሁን ግን እነግርሻለሁ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል፣ አትደውልም ወይ እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትራስ ሥር እደብቀዋለሁ፣ እማዬ። በሽታው ከገባ ወዲህ ግማሹን ታካሚ የማነጋግረው በስልክ ነው። ባሏን ሳትሰናበት የቀበረች፣ ከሥራ የተባረረ፣ ቤት ተዘግቶበት ግድግዳ የሚያናግር፣ ሁሉም በጆሮዬ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። አንቺ ደግሞ ክፋት ሳይኖርሽ "ልጄ የአእምሮ ሐኪም ናት፣ እሷ ታዳምጥሻለች" እያልሽ ቁጥሬን ለሰፈሩ ሁሉ አደልሽው። ዳቦ ቤቷ ሴትዮ እራት ላይ ትደውላለች፣ የአክስቴ ባልደረባ እሑድ ጠዋት ትደውላለች። በእኔ መኩራትሽ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን በቃኝ፤ ስልኬን ለሰው አትስጪብኝ።

ምን ነካት ከማለትሽ በፊት ስሚኝ። አለቃችንን ታስታውሺያቸዋለሽ? ስመረቅ ከእኔና ከአባዬ ጋር ፎቶ የተነሡት፣ "ዋርካው" የምንላቸው ግዙፉ ሐኪም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ክፉ ጊዜ ነርሱም፣ ሐኪሙም፣ ዘበኛውም ሆዱ የባሰው ሁሉ እሳቸው ቢሮ እየገባ ቀሎት ይወጣ ነበር። የእሳቸውን ማን ይስማ ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሬን ከፍቼ ቀጣዩን ታካሚ ስጠራ ከአግዳሚው ላይ እሳቸው ተነሡ። ነጭ ጋዋናቸውን አልለበሱም፤ እንደ ሰው ሁሉ የተራ ቁጥር ይዘዋል። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ገብተው በሩን ዘጉና የታካሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"እንደ አለቃ አታናግሪኝ። እንደ ማንኛውም በሽተኛ ጠይቂኝ" አሉኝ።

እንቅልፋቸውን፣ ምግባቸውን፣ ደስ የሚያሰኛቸው ነገር እንዳለ፣ በመጨረሻም መሞት ያምራቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸውን ሳይለውጡ አንድ በአንድ መለሱልኝ፤ የመጨረሻውን ሲመልሱ ብቻ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ያንኑ ዕለት ሆስፒታላችን ተኙ፤ በየጠዋቱ እየዞሩ በሽተኛ ይጎበኙበት በነበረው ክፍል፣ ጥግ ያለው አልጋ ላይ።

እኔን ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሳቸውን አስተኝቼ ተመለስኩና "ቀጣይ" አልኩ። አላለቀስኩም፤ ምንም ነገር አልተሰማኝም። ምሳዬን እንደ እንጨት አኘክሁት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ለካ ይህ ነው፤ ስንት ወር ሙሉ የደከመኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ያንኑ ጥያቄ ሁሉ ለራሴ ባቀርበው መልሴ ከእሳቸው ጋር አንድ ሆነ። የመጨረሻውም ጭምር፣ እማዬ። ይቅር በይኝ፤ ይህን ለእናት መጻፍ ከባድ ነው።

በማግስቱ ከእኔ በታች የምትሠራውን ወጣት ሐኪም በር አንኳኳሁ። ጥያቄዎቹን ከወረቀት እያነበበች መረመረችኝና ድባቴ ነው አለችኝ። ለስንቱ ሰው የተናገርኩት ቃል ለእኔ ሲባል እንግዳ ሆነብኝ። አሁን ከሥራ አርፌያለሁ፤ መድኃኒትም ጀምሬያለሁ። ብቻዬን እንዳላድር ነርሷ ጓደኛዬ እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ማንኮራፋቷ ትራክተር ያስንቃል፣ ቢሆንም መኖሯ ደግ ነው። ዋርካው እስከ ዛሬ እዚያው ተኝተዋል፤ ብዙም አይናገሩም። ሰው በተጨነቀበት ጊዜ ሥራዬን ጥዬ መቀመጤ ያሳፍረኛል፤ ተመልሼ እችለው እንደሆነም አላውቅም።

አባዬን ሳሚልኝ። ይህን ስታነቢለት ወደ ግቢ መውጣቱ አይቀርም፤ ተከትለሽው ውጪ። ወንድሜ ቀልድ መላኩን እንዳያቆም፤ ባልመልስለትም አነባለሁ። አክስቴ "ዓይን በልቷት ነው" ትላለች፤ ሳትከራከሪያት ሰላምታዬን ብቻ አድርሺልኝ። ዳቦ ቤቷን ሴትዮ ስልኳን ያላነሣሁት ንቄያት እንዳልሆነ ንገሪያት፤ እዚያው ጤና ጣቢያችሁ የምታዳምጥ ነርስ አለች፣ እጇን ይዘሽ አንቺው ውሰጃት።

አንቺም ጻፊልኝ። እያለቀስሽም ቢሆን ጻፊ፣ ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊ። "ልጄ ጠንካራ ናት፣ ይህ አይበግራትም" የምትለዋን ግን አደራሽን እንዳትጽፊያት። ዋርካውን እንደዚያ እያልን ነው የጨረስናቸው።

ልጅሽ
ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 20 ቀን